ልዕልት ፀሐይና የአስታማሚ እጅ

ሕመምተኛ አልጋ ላይ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒት ቀድሞ የሚደርስለት የሰው እጅ ነው። እናት የልጇን ግንባር ትዳስሳለች፤ ዘመድ የደከመውን እግር ያሻል፤ ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፤ አዋላጅ ምጥ የያዛትን ሴት ወገብ ትደግፋለች። በአገራችን ጥሩ አስታማሚ ስትመሰገን እጇ መድኃኒት ነው መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ከጥንት የመጣ የእጅ ርዳታ በትምህርት ሲታነጽ፥ በሥርዓት ሲመራና በኃላፊነት ሲያዝ ነርስነት የተባለው ሙያ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ ክብር ካስገኙት ሰዎች መካከል፥ በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በወለጋ ምድር ያረፉት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የሕይወታቸው ዘመን አጭር ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆሞ፥ መናገር የተሳነውን ሰው እጅ የሚይዝ ነርስ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ቁም ነገር በውስጡ ይገኛል። ይኸውም የእጅ ርኅራኄ ምን ያህል እንደሚችል፥ ደግሞም ብቻውን ሲቀር ምን እንደማይችል ነው።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና የመንግሥት እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ እናታቸውም ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። እርሳቸው ከተወለዱ ሁለት ወር እንዳለፈ በእንግሊዝ አገር የነርሶችን መዝገብ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። ነርስነት ማንም በጎ ፈቃድ ያለው ሰው የሚሠራው ሥራ መሆኑ ቀርቶ፥ በተወሰነ ትምህርትና ፈተና የሚገባበት የተመዘገበ ሙያ ሆነ። ያ ሕግ ያቋቋመው መዝገብ ከሃያ ዓመት በኋላ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ስም እንደሚሰፍርበት በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልቲቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ የሰላም ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። አሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ አሥር ቀን ሲቀራቸው፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ይሠራ በነበረው የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ልዕልት ፀሐይ ከዋነኞቹ አገልጋዮች አንዷ ሆኑ። የመኳንንት ወይዛዝርት ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጠው ለዘማቹ ልብስ ሰፉ፤ ለቁስለኛው ፋሻ አዘጋጁ።

ጠላት የመርዝ ጋዝ መጠቀም በጀመረ ጊዜ ደግሞ ቆዳው የተላጠ፥ ዓይኑ የጠፋ፥ ትንፋሽ ያጠረው ቁስለኛ በዛ። ልዕልት ፀሐይም በዚያ በለጋ ዕድሜያቸው ይህን ግፍ ለእንግሊዝና ለሌላው ዓለም ሴቶች በጥሪ አስታወቁ። የመርዝ ጋዝ ያቃጠለው ሰው ሥቃይ ከሁሉ አስቀድሞ የቆዳ ሥቃይ ነው፤ ልብስም አይነካው፥ እጅም አይነካው። አስታማሚ በእጇ ልትረዳው ብትሻ እንዴት እንደምትነካውና የት እንደማትነካው ማወቅ ይኖርባታል። ልዕልቲቱ ከዚያ በኋላ የመረጡት የትምህርት መንገድ ከእነዚያ ወራት ጋር ቢያያዝ የሚያስገርም አይሆንም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጂቡቲ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ተሰደዱ። በኋላም በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ፥ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጡ። የስደት ኑሮ ለንጉሥ ልጅም ቢሆን የእንግድነት ኑሮ ነው። ልዕልት ፀሐይ በዚያ ቤት ተከብረው መቀመጥ ሲችሉ በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወደ ለንደን ሄደው፥ እ.ኤ.አ. በ1852 በተመሠረተው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስ ተማሪ ሆነው ገቡ።

በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪነት ከባድ አገልግሎት ነበር። ተማሪዋ ወለል ትወለውላለች፥ የአልጋ ልብስ ትለውጣለች፥ መጸዳጃ ዕቃ ታጥባለች፥ ሕፃናትን ታበላለች፥ ሌሊት ተረኛ ሆና ታድራለች። ሕክምናውም ቢሆን ዛሬ የሚታወቀውን ኃይል ገና አላገኘም ነበር። ሱልፋ የተባሉት መድኃኒቶች ገና መግባታቸው ነው፤ ፔኒሲሊን ለሕሙማን የሚታደልበት ጊዜም አልደረሰም። የሳንባ ምች ወይም የፖሊዮ ሕመም የያዘው ሕፃን ሕይወት በአመዛኙ በነርሷ ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ማጠብ፥ ማገላበጥ፥ ማቀዝቀዝ፥ ማሞቅና ጠብታ በጠብታ ማጠጣት ሁሉም የእጅ ሥራዎች ነበሩ።

በዘመኑ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች አንዱ የዘወትር ሥራ ለረጅም ጊዜ የተኙትን ሕሙማን ጀርባና ተረከዝ በሳሙናና በአልኮል እያሹ፥ ዱቄት እየነሰነሱ የመኝታ ቁስልን መከላከል ነበር። ይህ ልማድ ለብዙ ዓመታት የነርስ ጥራት መለኪያ ሆኖ ኖረ። በኋላ ግን የቀላና በአጥንት ላይ የተወጠረ ቆዳን አጥብቆ ማሸት ከሥሩ ያለውን ሥጋ እንደሚጎዳ ታወቀና ተከለከለ። መከልከሉ ትክክል ነበር። ከልማዱ ጋር አብሮ የሄደ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ነበር፤ ነርሷ በየጥቂት ሰዓቱ ወደ ሕመምተኛው እየተመለሰች ሰውነቱን በእጇ የምትመረምርበት፥ እርሱም የሰው መኖር የሚሰማው ጊዜ ነበር።

በሕፃናት ሆስፒታል የነርስ እጅ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚፈለግበት ምክንያትም ነበር። በዚያን ጊዜ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ የሚፈቀድላቸው በጣም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የእናት መምጣት ሥርዓት ያፈርሳል፥ ተላላፊ በሽታም ያመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። ይህ አስተሳሰብ በእንግሊዝ አገር በይፋ የተነቀፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እስከዚያ ድረስ በአልጋው ላይ ተኝቶ የሚያለቅሰውን ሕፃን የሚያባብለው የማያውቃት ነርስ እጅ ነበር። ከአገሯ የተሰደደች ወጣት ከእናቱ የተለየውን ሕፃን ስታስታምም፥ ሁለቱም በየበኩላቸው ከቤታቸው የራቁ ነበሩ።

ልዕልት ፀሐይ የሦስት ዓመቱን ትምህርት ፈጽመው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በዚህም በውጭ አገር የነርስነት ትምህርት ፈጽመው በሕግ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ተርታ ተሰለፉ። በሳምንቱ ጀርመን ፖላንድን ወረረችና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም። የጠቅላላ ነርስነት ትምህርት ለመጨመር በለንደን ወደሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ከ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከተማይቱ ሌሊት ሌሊት በቦምብ ስትደበደብ በነርስነት አገልግሎት ላይ ነበሩ። በአገራቸው የጀመረው የጦርነት ቁስለኛ ነገር በስደት አገርም ተከተላቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው በነፃነቱ ዓመት ልዕልት ፀሐይም ከስደት ተመለሱ። ያገኟት አገር ግን በጦርነት የደቀቀች ነበረች። ከወረራው በፊት የውጭ አገር ሚስዮናውያን ያቋቋሟቸው የሕክምና ጣቢያዎች በወረራው ዘመን ሠራተኞቻቸውን አጥተዋል፤ የጣልያን ሐኪሞችም ከሽንፈቱ በኋላ በብዛት ወጥተዋል። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የነርስ ትምህርት ቤት የሚባል ገና አልተቋቋመም። በዚህ ሁኔታ አንዲት የተመዘገበች ነርስ ለአገሪቱ ምን ያህል ታስፈልግ እንደነበር ለማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ሆነው ስለ ተሾሙ፥ ከእርሳቸው ጋር በዚያን ጊዜ ለቀምት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያም በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲና በባምባሲ በኩል የሚሄደው መንገድ ዲዴሳንና ዳቡስን ተሻግሮ አሶሳ ይደርሳል። ስለዚህ ነቀምቴ ከዋና ከተማይቱ እስከ አሶሳ ባለው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ እኩሌታ ላይ የምትገኝ ናት ማለት ይቻላል።

ያ ምዕራባዊ አገር ከጦርነት ከወጣ ገና አንድ ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። አሶሳ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቤልጂግ ኮንጎ በመጣ ጦር ነው። ሰኔ 26 ቀን ደግሞ በደምቢ ዶሎ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መቀመጫ የሆነችው አሶሳ ከነፃነት በኋላ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ተጠቃልላ ለብዙ ዓመታት ከነቀምቴ ስትተዳደር ኖራለች። ከአሶሳ ቆላ በቃሬዛ የተነሣ ሕመምተኛ የተሻለ ሕክምና ቢፈልግ ፊቱን ወደ ነቀምቴ ያዞር ነበር፤ የነቀምቴ ሕመምተኛም በተራው ወደ አዲስ አበባ ይመለከታል። ርቀቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ጠላት ነበር።

ያ ጠላት ልዕልቲቱንም አልማራቸውም። በሠርጋቸው አራት ወር ሳይሞላ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የጤና ችግር በነቀምቴ አረፉ። ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሁለት ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር። ወሩ የክረምት ወር ነው፤ ወንዝ ይሞላል፥ መንገድ ይጨቀያል። በአገሪቱ የደም ባንክ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በለንደን ሌሊት የሌላውን ልጅ ሲያስታምሙ የነበሩት ነርስ በገዛ አገራቸው የማሕፀን ሐኪም፥ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል በቅርብ በሌሉበት ቦታ ሕይወታቸው አለፈ። በአልጋቸው ዙሪያ የርኅራኄ እጅ እንዳልጠፋ መገመት ይቻላል። የንጉሥ ልጅ ነበሩና አስታማሚ አያጡም። ርኅራኄው ግን ብቻውን ሊያድናቸው አልቻለም።

አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ። የመርዶው ወሬ እንግሊዝ አገር ሲደርስ፥ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣዋ ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመሩት ዋነኛዋ ሆነች። ጦርነቱ ገና አላበቃምና ለብሪታንያ ሕዝብ የችግር ዘመን ነበር፤ ሆኖም ርዳታው ቀጠለ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሲልቪያ ፓንክረስት ኋላ ኑሮዋን በኢትዮጵያ አድርጋ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፈች።

በዚያው ዘመን የነርስነት ትምህርት በኢትዮጵያ ሥር መስደድ ጀመረ። ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልና ልዕልቲቱ ባረፉባት በነቀምቴም የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ ሲመጡ በዚሁ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። በምጥ ብዛት የተጎዱ የገጠር ሴቶችን ያገኙትም እዚያ ነው፤ ከዚህም እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ተወለደ። በእርግዝና ምክንያት ያለ ጊዜያቸው የተቀጠፉት ልዕልት መታሰቢያ የእናቶች መጠጊያ መነሻ ሆነ።

ልዕልት ፀሐይ በሕይወታቸው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለውን አላዩም። በእርሳቸው ዘመን በጣም የጠናበት ታማሚ ከነርሶች ጠረጴዛ አጠገብ ይተኛ ነበር፤ ልዩ ጥበቃውም ይኸው ነበር። እርሳቸው ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ ነሐሴ 1944 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ሕሙማን በብዛት ሲመጡ፥ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እንዲነፋላቸው አደረገ። 1500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በየተራ እየተቀመጡ፥ ለሳምንታት ሌሊትና ቀን ከረጢቱን በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። ከሞት የተረፉት ብዙዎች ናቸው። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ልምድ ወጣ። በመሣሪያ ብዛት የሚታወቀው ይህ ክፍል ሲመሠረት የቆመው በሰው እጅ ላይ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

መሣሪያው ከመጣ በኋላ ግን እጅ ቀስ በቀስ ከታማሚው ወደ መሣሪያው ዞረ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነካል፤ የሚነካው ግን ደም ለመቅዳት፥ አክታ ለመሳብ፥ ቱቦ ለመለወጥና ለመገላበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነና ከ6000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፥ ለዐዋቂ ሕሙማን ከተለመዱት ክንዋኔዎች ሁሉ እጅግ የሚያምመው መገላበጥ ሆኖ እንዳገኘው አስረድቷል። ቱቦ በጉሮሮው የገባ ሰው ደግሞ አመመኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ ነርስ ሕመሙን የምታነበው ከፊቱ መኮማተር፥ ከሰውነቱ እንቅስቃሴ፥ ከጡንቻው መወጠርና ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር ካለው መስማማት ነው። እነዚህ አራት ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ለወጣው የሕመም መለኪያ መሠረት ሆነዋል።

የማያሳምም ንክኪ ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እጅን በዝግታ ማሸት ለጽኑ ሕመምተኛ ከሚመች የእጅ ርዳታ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ልብስ ማስወለቅ አያስፈልግም፥ ታማሚውን ማገላበጥም አይጠይቅም። በካናዳ በልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ለጊዜው ሕመምን እንደሚያስታግስ ተስፋ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ማኅበር መመሪያም፥ ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑን ገልጾ፥ ማሸት ከሕመም ማስታገሻ ጋር ተጨምሮ ለሕሙማን ቢቀርብ መልካም እንደሆነ መክሯል። ማስታገሻውን የሚተካ ግን አይደለም።

አሠራሩ ትዕግሥትን እንጂ ብዙ ዕቃን አይጠይቅም። ነርስ እጇን ታጥባ ታሞቃለች፤ ማንነቷንና የምታደርገውን ለታማሚው ትነግረዋለች፤ ፈቃዱን በቃል፥ በራስ ንቅናቄ ወይም በዓይን ጥቅሻ ትጠይቃለች። በደም ሥር ቱቦ ያልገባበትን እጅ ትመርጣለች፤ በጣት ላይ ያለውን የኦክሲጅን መለኪያ አታነሣም። መጀመሪያ እጁን ዝም ብላ ትይዛለች፤ ቀጥላ ሽታ የሌለው ቅባት ጥቂት አድርጋ፥ ከጣት ጫፍ ወደ አንጓ በእኩል ግፊት ታሻለች፤ መዳፉን በአውራ ጣቷ በክብ ታሻለች፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ ታዳርሳለች። ለአንድ እጅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የተቃጠለ፥ የተሰበረ፥ የቆሰለ ወይም በደም መርጋት ያበጠ እጅ አይታሽም። የልብ ምት ቢጨምር፥ የደም ግፊት ወይም ኦክሲጅን ቢወርድ፥ ፊትም ቢኮማተር ማቆም ይገባል። የተደረገውና የታየው ለውጥ በታማሚው መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ያልተጻፈ አገልግሎት ለተረኛዋ ነርስ እንዳልተደረገ ይቆጠራልና።

ይህ አገልግሎት በአሶሳና በዙሪያዋ ልዩ ትርጉም አለው። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ እየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፥ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ከሌላ አካባቢ ከተመደበችው ነርስ ጋር የጋራ ቋንቋ ላይኖራት ይችላል። ሕመሙ ሲጠናባት ደግሞ የምታውቀው ጥቂት አማርኛ እንኳ ሊጠፋባት ይችላል። በዚህ ጊዜ በለሆሳስ የተያዘ እጅ የማያስተረጉሙት ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ እጅም ሥነ ሥርዓት አለው። ለሴት ታማሚ ሴት ነርስ ብትሠራው፥ የታማሚዋ እምነትና ባህል ቢጠየቅ፥ ቤተሰቡም ቢፈቅድ ይመረጣል። ከሩቅ መጥቶ ደጅ ላይ የተኛው ዘመድም እጁን ታጥቦ፥ ቱቦውን እንዳይነካ ተነግሮት፥ የወገኑን እጅ እንዲያሽ ቢማር ሁለቱም ይጽናናሉ።

ከዚህ ጋር የልዕልት ፀሐይን አሟሟት ማሰብ ያስፈልጋል። አምቡላንስ በወቅቱ ያልደረሰላት፥ ደም ያጣች፥ መንገድ ተዘግቶባት የቀረች እናት እጇ ስለ ታሸ ብቻ አትድንም። የነርስ ርኅራኄ የመንገድን፥ የደምንና የሐኪምን መጓደል የሚሸፍን መጋረጃ መሆን አይገባውም። በአንጻሩ ደግሞ ደሙም መሣሪያውም ሐኪሙም ተሟልቶ፥ ሰው በማሽን ድምፅ መካከል ሰው ሳይነካው ቀናት ቢያሳልፍ ሕክምናው ጎደሎ ነው። ነርስ ሁለቱንም የመጠየቅ ግዴታ አለባት፤ በአንድ እጇ የታማሚውን እጅ ትይዛለች፥ በሌላው የጎደለውን እየመዘገበች ለሚመለከተው ታቀርባለች።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ባለቤታቸው የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት የመንግሥት ባለሥልጣናት ጋር አለፉ። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ የወለጋና የአሶሳ የአስተዳደር ወሰንም ተለውጦ፥ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከአገሪቱ ክልሎች አንዱ ሆኗል። ከነቀምቴ ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ ግን ዛሬም ረጅም ነው፤ በመንገዱ ጫፍ የሚገኘውም ሕመምተኛ እንደ ቀድሞው ሰው ይፈልጋል።

ልዕልት ፀሐይ ለሙያው የተዉለት ውርስ ከሕንፃውና ከስሙ የበለጠ ነው። የንጉሥ ልጅ ሆነው ሳለ የሕመምተኛን ሰውነት ማጠብና ማገላበጥ ሳይንቁ በትምህርት ገብተውበታል፤ በፈተና አልፈው በመዝገብ ገብተዋል፤ በቦምብ ሥር ቆመው ሠርተዋል። በዚህም የእጅ ሥራ ዝቅተኛ ሥራ አለመሆኑን በራሳቸው ሕይወት አሳይተዋል። ዛሬ በአሶሳም ሆነ በሌላ ስፍራ አንዲት ነርስ ሌሊት፥ የመሣሪያውን ቁጥር መዝግባ ከጨረሰች በኋላ፥ አሥር ደቂቃ ወስዳ የማይናገረውን ሰው እጅ ብታሽ፥ ያ ሥራ ከግዴታዋ ውጪ የተሰጠ ትርፍ ደግነት አይደለም። ልዕልቲቱ የገቡበት ሙያ ራሱ ነው።